ረቡዕ የት ሄደ? ሰው ዓለምን ለመዞር ለምን ይነሳል

ጤና ይስጥልኝ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ልጅ ሳለሁ አጎቴ የዕቃ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይጠፋል። ሲመጣ ቤቱ ይሞላል። አዋቂዎቹ ስለ ደመወዙና ስለ ጤናው ይጠይቁታል። እኛ ልጆች እግሩ ሥር ኩርምት ብለን ተራችንን እንጠብቃለን። አንድ ማታ እንዲህ አለን፦ «ሰፊው ውቅያኖስ መሃል ላይ ነበርን። ማክሰኞ ማታ ተኛን። ስንነቃ ሐሙስ ሆኗል።»

ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። እኔ ግን አላስቻለኝም። «ረቡዕስ? ረቡዕ የት ሄደ?» አልኩት።

አጎቴ ሳቅ አለና «ሂድና ፈልገው» አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። አንድ ሙሉ ቀን ከእጅ አምልጦ የሚጠፋበት ቦታ ዓለም ላይ አለ ማለት ነው። የት ይሆን? ምን ይመስላል? ሰዎች ይኖሩበታል? ልቤ የሸፈተው ያን ማታ ነው። እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

«ሰው ዓለምን እንዲዞር የሚያነሳሳው ምንድን ነው?» በሚል ርዕስ እንድናገር ስትጋብዙኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ማታ ነው። ብዙ ሰው መልሱን ዓይን ላይ ይፈልገዋል። የሚያምር ተራራ፣ የሚያምር ባሕር፣ የሚያምር ሕንፃ። እኔ ግን ጉዞ ከጆሮ ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። አንድ ሰው ሄዶ ይመለሳል፤ ያወራል። ወሬው ውስጥ አንድ ያልተመለሰ ነገር ይኖራል። ያ ያልተመለሰ ነገር የሰሚውን እንቅልፍ ይነሳል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ስለ ረቡዕ ትንሽ ልጨምር፤ ነገሩ ከአጎቴ በፊትም ሰዎችን አስደንግጧል። በ1519 ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ማጄላንና ጓዶቹ በአምስት መርከቦች ከስፔን ተነሱ። ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ነበሩ። ማጄላን ራሱ መንገድ ላይ ሞተ። በመስከረም 1522 ዓለምን ዞራ የተመለሰችው አንዲት መርከብ ብቻ ናት፤ የተሳፈሩባት 18 አውሮፓውያን ነበሩ። ከመድረሳቸው ሁለት ወር በፊት ምግብ ፍለጋ ኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ላይ ቆሙ። በመርከቡ መዝገብ ቀኑ ረቡዕ ነው። የብስ ላይ ያሉት ሰዎች ግን «ዛሬ ሐሙስ ነው» አሏቸው። ከመካከላቸው የዕለት ማስታወሻ የሚይዝ አንቶኒዮ ፒጋፌታ የሚባል ጣሊያናዊ ነበር። አንድም ቀን ሳይዘል ነው የጻፈው። ሆኖም አንድ ቀን ጎድሎታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ፀሐይን እየተከተለ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀኑ በትንሹ ይረዝማል። 15 ዲግሪ፣ ማለትም የዓለምን ዙሪያ ሃያ አራተኛ፣ በሄደ ቁጥር አንድ ሰዓት ያተርፋል። ዓለምን ዞሮ ሲጨርስ የተጠራቀመው ትርፍ 24 ሰዓት ይሆናል። ይህ ትርፍ በቀን ቆጠራው ላይ ዕዳ ነውና አንድ ቦታ ላይ መከፈል አለበት። ዛሬ ያ ቦታ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል በሐሳብ የተሰመረ መስመር ነው፤ 180ኛውን ዲግሪ ተከትሎ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። የአጎቴ ረቡዕ የቀረው እዚያ ነው። ይህን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ባውቀውም የመሄድ ፍላጎቴ አልበረደም። እንዲያውም ባሰበት።

ሰዎችን ለምን እንደሚጓዙ ብትጠይቁ የምትሰሙት መልስ ተመሳሳይ ነው። «ለመዝናናት።» «ከሥራ ለመራቅ።» «አዲስ ነገር ለማየት።» ሁሉም እውነት ነው። ግን ለዚህ ሁሉ ቅርብ ቦታም ይበቃል። እንቅልፍ አጥቶ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ቋንቋው የማይገባው አገር ድረስ የሚያስኬደው ነገር ሌላ ነው። የጉዞ ጂን አለ የሚሉም አሉ። አዲስ ነገር ከመውደድ ጋር የሚያያዝ፣ ዶፓሚን ከሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጋር የሚሠራ አንድ ጂን ተጠንቷል። ይሁን እንጂ የሰውን ናፍቆት በአንድ ጂን መግለጥ አይቻልም። አንድ ቤት ያደጉ ወንድማማቾች እንኳ አንዱ ደጁን አይለቅም፣ ሌላው እቤት አይገኝም።

ይልቅ የሚገርመኝ በ2010 የታተመ አንድ የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። 1,530 ሰዎች ተጠየቁ። ዕረፍት የወጡትና ያልወጡት ተነጻጸሩ። የወጡት ሰዎች ብልጫ ያለው ደስታ ያሳዩት ከመሄዳቸው በፊት ነበር። ከተመለሱ በኋላ አብዛኞቹ ካልሄዱት ጋር እኩል ሆኑ። ይህን መጀመሪያ ሳነብ ከፋኝ። ታዲያ ለምን እንደክማለን? ቆይቼ ሳስበው ግን ልክ መሆኑ ገባኝ። ከመሄድ በፊት ያለው ጊዜ ሰው በሰማው ነገር የሚኖርበት ጊዜ ነው። ካርታው ላይ ጣቱን ያስኬዳል። የከተማውን ስም ብቻውን ሆኖ ይደጋግማል። ያ ጊዜ ራሱ የጉዞው አካል ነው። ለእኔ እንዲያውም ረጅሙ አካል እሱ ነው፤ እኔ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼበታለሁ።

አሁን ወሬ ወይም ጥያቄ ከቤታቸው ወዳስወጣቸው ሰዎች ልሂድ። ማርኮ ፖሎ በ1271 ከቬኒስ ሲወጣ 17 ዓመቱ ነበር። አባቱና አጎቱ ቀድመው እስከ ቻይና ደርሰው መመለሳቸውን ልብ በሉ። ልጁ ያደገው እነሱ በሌሉበት ነው። ሲመለሱ ይዘው የመጡትን ወሬ ሰማ፤ ከዚያ አብሯቸው ሄደ። የተመለሰው በ1295 ነው። ከዚያ ጦርነት ተነስቶ ጄኖዋ ውስጥ ታሰረ። እስር ቤት ያወራውን አብሮት የታሰረ ሰው ጻፈው። ምናልባት ባይታሰር ኖሮ ታሪኩ በቤተሰቡ ውስጥ ይቀር ነበር። ይህ መጽሐፍ እጅ በእጅ እየተገለበጠ አውሮፓን አዳረሰ። ክሪስቶፎር ኮሎምበስ ዳር ዳሩ ላይ በእጁ ማስታወሻ የጻፈበት ቅጂ ዛሬም በስፔን፣ ሴቪያ ከተማ ይገኛል። እስቲ አስቡት። እስር ቤት ውስጥ የተወራ ወሬ፣ ሁለት መቶ ዓመት ተሻግሮ፣ ሌላ መንገደኛ ብዕር አንስቶ ጎኑ ላይ ይጽፍበታል። የኮሎምበስ ጉዞ ለብዙ ሕዝብ መዓት ይዞ መጣ፤ ያንን ማለፍ አልፈልግም። ወሬ ያስነሳው እግር ሁልጊዜ መልካም ነገር ይዞ አይደርስም።

ሞሮካዊው ኢብን ባቱታ ደግሞ በ1325 በ21 ዓመቱ ከታንጂር ተነሳ። ሐሳቡ ሐጅ አድርጎ መመለስ ነበር። አገሩን መልሶ የረገጠው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። መካ በዓመት አንድ ጊዜ ከየትም የመጣ ሰው የሚገናኝበት ቦታ ነው። አንዱ ከህንድ፣ አንዱ ከፋርስ፣ አንዱ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱን አገር ያወራል። ጆሮው የተከፈተ የ21 ዓመት ወጣት እዚያ መሃል ሲቆም ወዴት ይመለሳል? ሃይማኖታዊ ጉዞ ሰውን ከቤቱ ለማስወጣት ከሁሉም የበረታ ምክንያት ሆኖ የኖረ ይመስለኛል። ፈሪውንም ድሃውንም ያስነሳል። መንገዱ ላይ ግን ሌላ ነገር ይጨመርበታል።

ኤቭሊያ ቸለቢን ሳነሳ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በ1611 ኢስታንቡል የተወለደ የኦቶማን ሰው ነው። በ1630 ያየውን ሕልም ራሱ ጽፎታል። በሕልሙ መስጊድ ውስጥ ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ቀርቦ «ሸፋአት» ብሎ ምልጃ ሊለምን ይፈልጋል። ከመደንገጡ የተነሳ ምላሱ ተሳሰረ። ከአፉ የወጣው ግን «ሰያሃት» የሚለው ቃል ነው፤ ጉዞ ማለት ነው። በሕልሙ ሁለቱም ተሰጡት። ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ዞረ፤ አሥር ቅጽ መጽሐፍም ጻፈ። ምላስ ሲሳሳት ልብ የፈለገውን ያወጣል። ብዙዎቻችን ስለ ሥራ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ ቤት እንለምናለን። ድንገት ተደናግጠን ብንጠየቅ ምን ይሆን ከአፋችን የሚወጣው?

ከኤቭሊያ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ የተነሳው በጥያቄ ነው። በእጁ ያሉት የቡድሃ መጻሕፍት ትርጉሞች እርስ በርስ አልተስማሙለትም። ዋናውን ለማንበብ በ629 ወደ ህንድ ወጣ። መውጣት ተከልክሎ ስለነበር የወጣው ተደብቆ ነው። በ645 ሲመለስ 657 መጻሕፍት ይዞ መጣ። ቀሪ ዕድሜውን እነሱን ሲተረጉም ኖረ።

አሁን ረዘም አድርጌ ላወራላችሁ የምፈልጋቸው ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ጄምስ ሆልማን ይባላል። በ1786 እንግሊዝ አገር ተወለደ። በልጅነቱ ባሕር ኃይል ገባ። በ25 ዓመቱ ዓይኑ ጠፋ። ያኔ ዓይነ ስውር ሰው ይጦራል እንጂ የትም አይሄድም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሆልማን ግን ብቻውን መንገድ ጀመረ። የአካባቢውን ቋንቋ ሳያውቅ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይኖረው፣ ዱላውን ይዞ። የዱላው ጫፍ ብረት ነው። መሬቱን ሲመታበት የሚመለሰውን ድምፅ ይሰማል። ግድግዳ ይሁን፣ ሜዳ ይሁን፣ ገደል ይሁን ከድምፁ ይለያል። እሳት የሚተፋውን የቬሱቪየስን ተራራ ወጣ። ሩሲያን አቋርጦ ሳይቤሪያ ገባ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት መንግሥት «ይህ ሰው ሰላይ ነው» ብሎ ይዞ ከአገር አስወጣው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ከ1827 እስከ 1832 ዓለምን ዞረ።

ሰዎች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁት ነበር። ለማያይ ሰው መጓዝ ምን ይጠቅመዋል? እሱም መልሶ ይጠይቃቸዋል፤ ዓይን ያለው መንገደኛስ የሚጽፈውን ሁሉ በዓይኑ አይቶታል ወይ ይላቸዋል። እንደሚያስረዳው፣ ባለማየቱ ምክንያት ነገሩን ሁሉ ጠይቆ፣ ነካክቶ፣ መርምሮ ነበር የሚያልፈው። የሚያይ ሰው አንዴ ገርመም አድርጎ በሚያልፈው ነገር ላይ እሱ ይቆማል። እኔ ይህን ሰው ካወቅሁ ወዲህ አዲስ ከተማ ስደርስ የማደርገው ነገር አለ። የመጀመሪያውን ጠዋት አንድ ቦታ እቀመጥና ዓይኔን እጨፍናለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል። የከተማው ድምፅ ይመጣል። መጥረጊያ፣ የበር መዝጊያ፣ ልጆች፣ አንዲት ሴት ከሩቅ ስትጣራ። እስቲ ሞክሩት። ፎቶ የማይይዘው ነገር ብዙ ነው።

ሁለተኛዋ አይዳ ፋይፈር ናት። በ1797 ቪየና ተወለደች። ልጅ ሳለች የጉዞ መጽሐፍ ስታነብ ያደገች ናት። ዳሩ ግን ኑሮ ሌላ መንገድ ወሰዳት። አገባች፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች። ገንዘብ ጠፋ። ልጆቿን ለማሳደግ ሙዚቃና ሥዕል አስተማረች። ልጆቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ጠበቀች። በ1842፣ በ44 ዓመቷ፣ ኑዛዜዋን ጽፋ ተነሳች። ለዘመድ አዝማድ የተናገረችው ኢስታንቡል ያለች ወዳጇን ልትጠይቅ እንደምትሄድ ነው። መድረሻዋ ግን ኢየሩሳሌም ነበር። ከተመለሰች በኋላ የጻፈችው መጽሐፍ ተሸጠ፤ በዚያ ገንዘብ አይስላንድ ሄደች። ከዚያ ከ1846 እስከ 1848 ዓለምን ዞረች። ከ1851 እስከ 1855 ደግማ ዞረች።

ይህን ታሪክ የምወድደው በተለይ ስለ ጥበቃው ነው። ጉዞ የወጣት ነገር ነው የሚል ሐሳብ አለ። ቦርሳ አንግቶ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ። ፋይፈር ናፍቆቷን ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዛ ልብስ አጠበች፣ ልጅ አሳደገች፣ ኪራይ ከፈለች። ናፍቆቱ አልሞተም። እዚህ አዳራሽ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር በልቡ ይዞ የተቀመጠ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ለእናንተ ስለ እሷ ማውራት እንዳለብኝ ተሰማኝ።

በእሷ ዘመን ነው ነገሩ የተለወጠው። ሐምሌ 5 ቀን 1841 ቶማስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ 500 ያህል ሰዎችን በባቡር ከሌስተር ወደ ላፍበራ ወሰደ። መጠጥን የሚቃወሙ ሰዎች ስብሰባ ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ ሆኖም ከዚያ ጀምሮ ጉዞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነገር መሆን ጀመረ። በ1950ዎቹ መንገደኛ የሚያጓጉዝ የጄት አውሮፕላን መጣ። በ1950 ድንበር ተሻግረው የጎበኙ ሰዎች ቁጥር 25 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ2019 ወደ 1.5 ቢሊዮን ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት በወረርሽኙ ምክንያት ወደ 400 ሚሊዮን ወረደ። ያኔ ቤት ተዘግቶብን ምን እንደናፈቀን አስታውሱ። እኔን የናፈቀኝ የማላውቀው ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ወሬ ሲጀምር ነው።

ዛሬ የሚያነሳሳን ምንድን ነው? ስልክ ነው። ስልኩን ክፉ አልለውም፤ ብዙ ሰው የማያውቀውን አገር በእሱ አውቋል። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሥዕል ሁሉንም ነገር ሞልቶ ያመጣል። ውኃው ይህን ያህል ሰማያዊ ነው፣ ደረጃው ይህን ያህል ነጭ ነው። ለእኔ የሚተርፈኝ ሄጄ እዚያው ቦታ ቆሜ ያንኑ ፎቶ ማንሳት ብቻ ነው። ለዚያ ሲባል ሰዎች ሰልፍ ሲይዙ አይቻለሁ። ከፊታቸው ያለውን ገደልና ባሕር ሳያዩ ተራቸውን ብቻ ያያሉ። የአጎቴ ወሬ ግን ጎዶሎ ነበር። ረቡዕ የለበትም። የሳበኝ ጉድለቱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ልብ ስለሸፈተ ብቻ አይኬድም። ፓስፖርቱ ብዙ በር የሚከፍትለት ሰው አለ። ጥያቄውን ይዞ ኤምባሲ ደጅ የሚቀር ሰውም አለ። እኔም ሦስት ጊዜ ቪዛ ተከልክያለሁ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ሁለቱ ሰዎች ናፍቆታቸው እኩል ነው። ልዩነቱ የተወለዱበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሄዶ የተመለሰ ሰው ለቀረው ሰው ዕዳ ያለበት ይመስለኛል። መመለስና ማውራት አለበት። ደህና አድርጎ። «በጣም ያምራል» ብሎ መተው አይሆንም። አንድ ነገር ይምረጥ፤ የገባውን ሳይሆን ያልገባውን፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ይንገር።

ረቡዕን ፍለጋ ስለሄድኩበት ጊዜ ነግሬያችሁ ልጨርስ። ፓስፊክን ወደ ምዕራብ ያቋረጥኩት በአውሮፕላን ነው። ማክሰኞ ማታ ተነሳን። መስኮቱ ጥቁር ነበር። ሰው ሁሉ ተኝቷል። እኔ ፊቴ ባለው ትንሽ ስክሪን ላይ የምትንቀሳቀሰውን የአውሮፕላን ምስል አየሁ። መስመሩን ስታልፍ ምንም አልሆነም። መብራት እንኳ ብልጭ አላለም። ስናርፍ ሐሙስ ጠዋት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔም ረቡዕ ጠፋብኝ።

ሁለት ሳምንት ቆይቼ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ተነሳን። ሌሊቱን ሙሉ በረርን። ፀሐይ ወጣች። ስናርፍ ኤርፖርቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓትና ቀን አየሁ። ቅዳሜ ጠዋት ይላል። ያው ቅዳሜ። ገና የተነሳሁበት ሰዓት አልደረሰም። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የወሰደብኝ መስመር መለሰልኝ።

አጎቴ በዚያን ጊዜ አርጅቶ ነበር። ባሕር ከተወ ቆይቷል። ያንኑ ቀን ደወልኩለት።

«አገኘሁት፣ ጋሼ» አልኩት።

ምን እንዳገኘሁ አልጠየቀኝም። ትንሽ ዝም አለ።

«በሄድክበት ነው የተመለስከው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኛ እኮ ዞረን ነው የመጣነው» አለ። «የእኔ እዚያው ቀርቷል።»